አል-በሺርን ያስተናገደች፣ ስለ ጋዛ ያመለከተች፦ ጅቡቲና የሄግ ፍርድ ቤቶች

እ.ኤ.አ ኖቬምበር 17 ቀን 2023 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት (አይሲሲ) ዐቃቤ ሕግ ካሪም ኻን አጭር መግለጫ አወጡ። አምስት አገራት የፍልስጤም ጉዳይ እንዲመረመር በጋራ ማመልከታቸውን የሚገልጽ ነበር። አገራቱም ደቡብ አፍሪካ፣ ባንግላዲሽ፣ ቦሊቪያ፣ ኮሞሮስ እና ጅቡቲ ናቸው። በጋዛ ላይ ቦምብ መዝነብ ከጀመረ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበር።

ደቡብ አፍሪካ መኖሯ ማንንም አላስገረመም። ጅቡቲ ግን? ብዙዎቻችን ጅቡቲን የምናውቃት በወደብነቷ ነው። ዕቃችን እዚያ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ስንል፣ ከገላፊ የሚመለሱ ሾፌሮች ስለ ሙቀቱ ሲያወሩን ነው ስሟ የሚነሳው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። የአሜሪካ ጦር በአፍሪካ ምድር ያለው ብቸኛ ቋሚ ሰፈር የሚገኘውም በእሷ መሬት ላይ ነው። እንዲህ ያለች አገር የእስራኤል ባለሥልጣናት በሕግ እንዲጠየቁ በስሟ ስታመለክት ነገሩ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ማብራሪያ የሚፈልገው ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ከሰባት ዓመት በፊት ይኸው ፍርድ ቤት ጅቡቲን ግዴታዋን አልተወጣችም ብሎ ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት መርቶት ነበር። ያኔ ጉዳዩ የዳርፉር ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ሄግ ከተማ ውስጥ ሁለት ፍርድ ቤቶች አሉ፤ በዜና ላይም ዘወትር ይምታታሉ። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት (አይሲጄ) የተባበሩት መንግሥታት አካል ነው፤ አገር አገርን የሚከስበት ነው። ደቡብ አፍሪካ በዲሴምበር 2023 እስራኤልን በዘር ማጥፋት የከሰሰችው እዚህ ነው። አይሲሲ ደግሞ የሚከሰው ግለሰቦችን ነው። የተቋቋመው በሮም ስምምነት ሲሆን ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው በ2002 ነው። የራሱ ፖሊስ የለውም። የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ተፈላጊውን ይዘው የሚያስረክቡት አባል አገራት ናቸው፤ እነሱ ካልያዙት ማዘዣው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ጅቡቲ ሁለቱንም ፍርድ ቤቶች በደንብ ታውቃቸዋለች።

የጅቡቲ ገቢ ከቆዳ ስፋቷ አይመጣም። ከባብ አል-መንደብ ሰርጥ አጠገብ መቀመጧ ነው ሀብቷ። ፈረንሳይ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ጦር አላት። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒየ ውስጥ ገብታ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አስፍራለች፤ በ2014 ኪራዩ ሲታደስ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሆን ተነግሯል። ጃፓን በ2011 ሰፈሯን ከፈተች። ጣሊያንም አለች። ቻይና ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን የጦር ሰፈር በ2017 እዚያው ከፍታለች። እርስ በርስ የሚጠባበቁ ኃያላን በአንድ ከተማ ዙሪያ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ሁሉም ኪራይ ይከፍላሉ። በዚያ ላይ ጅቡቲ የዓረብ ሊግ፣ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት፣ የአፍሪካ ኅብረትና የኢጋድ አባል ነች። የኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ለእንዲህ ያለች አገር ሁሉንም ማስደሰት እንደማይቻል፣ ማንንም ከመጠን በላይ ማስቀየምም እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ጅቡቲ የሮም ስምምነትን ያጸደቀችው በኖቬምበር 2002 ነው። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2003፣ ከአሜሪካ ጋር ሌላ ስምምነት ፈረመች። ይህም የአሜሪካን ዜጎች ያለ አሜሪካ ፈቃድ ለአይሲሲ አሳልፋ እንደማትሰጥ የሚያስገባ ነው። መሠረቱ የሮም ስምምነት አንቀጽ 98 ሲሆን አሜሪካ በዚያ ዘመን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየዞረች ይህንኑ ታስፈርም ነበር። ኮንግረሱ በ2002 ባወጣው ሕግ መሠረት የፍርድ ቤቱ አባል ሆኖ ይህን ያልፈረመ አገር፣ ከጥቂት አጋሮች በቀር፣ ወታደራዊ እርዳታው ሊቋረጥበት ይችል ነበር።

በአማርኛ ለእንዲህ ያለው አካሄድ ስም አለን፤ በሁለት ቢላ መብላት እንለዋለን። እኔ ግን እዚህ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። በበሯ ላይ 4,000 የውጭ ወታደር ያስቀመጠች ትንሽ አገር የፍርድ ቤቱ አባል ባትሆን ኖሮ ማንም አይወቅሳትም ነበር። አባል መሆኗ ራሱ ምርጫ ነው፤ ኢትዮጵያም ኤርትራም ሱዳንም ያላደረጉት ነገር ነው። ሕጉ አንድ ቀን ለእኔም ይጠቅመኛል ብሎ የሚያስብ መንግሥት ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ያ ቀንም ብዙ አልራቀም፤ የተጋፈጠችውም የቀድሞ ቅኝ ገዢዋን ነበር። በኦክቶበር 1995 በጅቡቲ የፍትሕ ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ ይሠራ የነበረ በርናር ቦሬል የተባለ ፈረንሳዊ ዳኛ ከዋና ከተማው ወጣ ባለ ገደል ግርጌ አስከሬኑ በከፊል ተቃጥሎ ተገኘ። መጀመሪያ ራሱን አጠፋ ተባለ። ባለቤቱ ግን አልተቀበለችም፤ ውሎ አድሮ የፈረንሳይ ምርመራ ወደ ግድያ አዘነበለ፤ ጥርጣሬውም ወደ ጅቡቲ ባለሥልጣናት ዞረ። ፕሬዝዳንት ኢስማዒል ዑመር ጌሌ ሳይቀሩ በምስክርነት ቃላቸውን እንዲሰጡ ከፓሪስ ተጠሩ። ጅቡቲ በበኩሏ በ1986 የተፈረመውን የፍትሕ ትብብር ስምምነት ጠቅሳ የምርመራ መዝገቡ ይሰጠኝ አለች። ፈረንሳይ እምቢ አለች። በጃንዋሪ 2006 ጅቡቲ ፈረንሳይን በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰች።

ፈረንሳይ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አልቀበልም ብትል ኖሮ ክሱ እዚያው ይቆም ነበር፤ ግን ተቀበለች። ጅቡቲ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የራሷን ዳኛ የመሰየም መብት ስለነበራት ሶማሊያዊውን የሕግ ሊቅ ዐብዱልቃዊ አሕመድ ዩሱፍን መረጠች። እኚህ ሰው ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤቱ ቋሚ ዳኛ፣ ከ2018 እስከ 2021 ደግሞ ፕሬዝዳንቱ ሆነዋል። ፍርዱ የተሰጠው ጁን 4 ቀን 2008 ነው። ፍርድ ቤቱ፣ ፈረንሳይ እምቢታዋን በምክንያት ባለማስደገፏ ስምምነቱን ጥሳለች አለ። መዝገቡ ይሰጥ ግን አላለም፤ ስለ ፕሬዝዳንቱ ክብርና ያለመከሰስ መብት የቀረበውንም አቤቱታ አልተቀበለም። ባጭሩ ጅቡቲ ግማሽ ድል ይዛ ተመለሰች። የፈረንሳይ ጦር አልወጣም፣ ኪራዩም አልተቋረጠም። አንድ ሳምንት ሳይሞላ በራስ ዱሜራ ከኤርትራ ጋር ውጊያ ሲነሳ ከጎኗ የቆመችውም ያቺው የተከሰሰችው ፈረንሳይ ነበረች። ጅቡቲ ከዚህ የተማረችው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ኃያልን አገር በሕግ መንገድ መጋፈጥ ከጓደኝነት አያስወጣም።

የዳርፉሩ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እኛም እንደ ሙስሊም ረጋ ብለን ልናየው የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

የፀጥታው ምክር ቤት በማርች 2005 የዳርፉርን ጉዳይ ወደ አይሲሲ መራ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት ወደ 300,000 ሰው የሞተበት፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የተፈናቀለበት ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ በፕሬዝዳንት ዑመር አል-በሺር ላይ በማርች 2009 በጦር ወንጀልና በሰብዓዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል፣ በጁላይ 2010 ደግሞ በዘር ማጥፋት የእስር ማዘዣ አወጣ። በዚያ ዘመን ብዙዎቻችን ጉዳዩን ያየነው በአንድ መነጽር ብቻ ነበር፤ ምዕራባውያን አንድ ሙስሊም መሪ አሳደዱ የሚል። ነገር ግን መንደራቸው የተቃጠለው ፉሮች፣ መሳሊቶችና ዘጋዋዎችም ሙስሊሞች ናቸው። ቁርኣን በመሐፈዝ የታወቀ፣ ለካዕባ ኪስዋ ይልክ የነበረ የሱልጣን ዐሊ ዲናር አገር ነው ዳርፉር። የተጎጂዎቹን ሃይማኖት ረስተን የተከሳሹን ብቻ ያስታወስንበት ጊዜ ነበር።

የአፍሪካ ኅብረት በጁላይ 2009 ሊቢያ፣ ሲርት ላይ ባካሄደው ጉባኤ አባላቱ አል-በሺርን በመያዝ እንዳይተባበሩ ወሰነ። አል-በሺር በሜይ 2011 ለፕሬዝዳንት ጌሌ በዓለ ሲመት ጅቡቲ ገቡ። ፍርድ ቤቱ በቀናት ውስጥ ለፀጥታው ምክር ቤት አሳወቀ፤ ምንም አልሆነም። በሜይ 2016፣ በሚቀጥለው በዓለ ሲመት፣ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ዳኞቹ ማብራሪያ ጠየቁ። ጅቡቲ የሰጠችው መልስ ሲጠቃለል፣ አል-በሺር በሥልጣን ላይ ያሉ ርዕሰ ብሔር ስለሆኑ ያለመከሰስ መብት አላቸው፤ እኔም በአፍሪካ ኅብረት ውሳኔ የታሰርኩ ነኝ፤ በአገር ውስጥም ለመያዝና ለማስረከብ የሚያስችል የሕግ ሥርዓት የለኝም የሚል ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ጁላይ 11 ቀን 2016 ጅቡቲንና በዚያው ወር አል-በሺርን የተቀበለችውን ኡጋንዳን ግዴታቸውን ጥሰዋል ብለው ለፀጥታው ምክር ቤትና ለአባል አገራቱ ጉባኤ መሩ። ምክር ቤቱ አንዳች እርምጃ አልወሰደም።

ጅቡቲን ብቻ ነጥሎ መውቀስ አይገባም። ደቡብ አፍሪካም በጁን 2015 አል-በሺርን አስተናግዳ፣ የራሷ ፍርድ ቤት ከአገር እንዳይወጡ እያዘዘ በአውሮፕላን እንዲሄዱ ፈቅዳለች። ዮርዳኖስም በ2017 አስተናግዳቸዋለች። አዲስ አበባማ እየተመላለሱ የሚመጡባት ከተማ ነበረች፤ ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች በሕግ የሚጠይቃት አልነበረም። የኅብረቱ መሪዎች በኦክቶበር 2013 አይሲሲን ለመቃወም ልዩ ጉባኤ የተቀመጡትም አዲስ አበባ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ አፍሪካውያንን ብቻ ያሳድዳል የሚለው ቅሬታ በወቅቱ መሠረት ነበረው። እስከዚያ ቀን የተከሰሱት በሙሉ አፍሪካውያን ነበሩ። ቅሬታው እውነት መሆኑ ግን የዳርፉርን ሙታን ቁጥር አይቀንስም።

አሁን ወደ 2023 እንመለስ። ከአምስቱ አመልካቾች ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ፣ ደቡብ አፍሪካና ጅቡቲ፣ አል-በሺርን ለፍርድ ቤቱ አንሰጥም ብለው ያለፉ ናቸው። ማመልከቻቸው በራሱ ምን ለወጠ? ፍልስጤም ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ አባል ነች፤ ራሷም በ2018 አመልክታለች። ከጋምቢያ የመጡት የቀድሞዋ ዐቃቤ ሕግ ፋቱ ቤንሱዳ በማርች 2021 ምርመራውን በይፋ ከፍተዋል። ስለዚህ የአምስቱ ማመልከቻ አዲስ መዝገብ አልከፈተም። ያደረገው ነገር መዝገቡ አቧራ እንዳይጠጣ ማድረግ ነው፤ አባላትህ ይህን ይፈልጋሉ ብሎ ለዐቃቤ ሕጉ በይፋ መንገር ነው። በጃንዋሪ 2024 ቺሊና ሜክሲኮ ተከተሉ። በሜይ 2024 ኻን ማዘዣ ጠየቁ፤ በኖቬምበር 21 ቀን 2024 ዳኞቹ በቤንያሚን ኔታንያሁና በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዮአቭ ጋላንት፣ እንዲሁም በሐማሱ አዛዥ ሙሐመድ ደይፍ ላይ የእስር ማዘዣ አወጡ። አፍሪካውያንን ብቻ ነው የሚከሰው የሚለው የድሮ ክርክር በዚያ ቀን በጣም ሳሳ።

ጅቡቲ ይህን ለማድረግ ምን አደፋፈራት? ከእስራኤል ጋር መደበኛ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ስለሌላት የሚቋረጥ ነገር የለም። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ የጋዛ ሥዕል በየቤቱ ይታያል፤ መንግሥት ዝም ቢል ከውስጥ የሚመጣበት ጥያቄ አለ። ከሁሉም በላይ ግን አከራይም አቅም አለው። አሜሪካ በባብ አል-መንደብ አጠገብ ካምፕ ሌሞኒየን የሚተካ ቦታ በቀላሉ አታገኝም፤ ቻይናዎች አጠገቧ ሰፍረው እያለ ደግሞ ተቆጥታ መውጣት አይታሰብም። ጅቡቲ ይህን አሳምራ ታውቃለች። በዚያ ላይ ብቻዋን አልፈረመችም፤ ከአራት አገራት ጋር፣ ደቡብ አፍሪካን ከፊት አድርጋ ነው የፈረመችው። ቁጣው ሲመጣ የሚያርፈው መጀመሪያ ፕሪቶሪያ ላይ ነው፤ በተግባር የታየውም ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን በቀይ ባሕር የሆነውም የዚሁ ሚዛን ሌላ ገጽ ነው። የየመን ሑሲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ አሜሪካ በዲሴምበር 2023 የባሕር ኃይሎች ጥምረት አቋቋመች። የጦር ሰፈሩን የምታከራየው ጅቡቲ አልገባችበትም። ነገር ግን ሰፈሩን አልዘጋችም፤ በማርች 2024 ሦስት መርከበኞች የሞቱባት "ትሩ ኮንፊደንስ" የተባለች መርከብ ስትመታ የተረፉትን የሕንድ ባሕር ኃይል ያመጣቸው ወደ ጅቡቲ ነው። ጥምረቱ ውስጥ የለሁም ትላለች፣ ቁስለኛ ሲመጣ ወደቧን ትከፍታለች። ይህን ፖሊሲ ለረጅም ዓመታት ከፊት ሆነው የመሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ መሕሙድ ዐሊ ዩሱፍ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2025 አዲስ አበባ ላይ ራይላ ኦዲንጋን አሸንፈው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኑ። በጋዛ ጉዳይ የያዙት አቋም ድምፅ አላሳጣቸውም።

ዋጋው የተከፈለው በሌላ በኩል ነው። የአሜሪካ መንግሥት በፌብሩዋሪ 2025 በፍርድ ቤቱ ላይ ማዕቀብ የሚፈቅድ ትእዛዝ አወጣ፤ መጀመሪያ ኻን፣ በጁን ደግሞ አራት ሴት ዳኞች ማዕቀብ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ አፍሪካውያን ናቸው፤ የኡጋንዳዋ ሶሎሚ ባሉንጊ ቦሳና የቤኒኗ ሬን አላፒኒ-ጋንሱ። የባንክ ካርዳቸው እንዳይሠራ የተደረገው እነሱ ናቸው፤ ያመለከቱት መንግሥታት አይደሉም። ሃንጋሪ በበኩሏ በኤፕሪል 2025 ኔታንያሁን በክብር ተቀብላ ከፍርድ ቤቱ እወጣለሁ አለች። ቡዳፔስት ያቀረበችው ሰበብ፣ በሥልጣን ላይ ያለ መሪ አይያዝም የሚለው፣ ጅቡቲ በ2016 ካቀረበችው ብዙም አይርቅም። የይግባኝ ችሎቱ በሜይ 2019 በዮርዳኖስ ጉዳይ ላይ፣ ርዕሰ ብሔር መሆን ከዚህ ፍርድ ቤት ማዘዣ አያድንም ብሎ ወስኗል። ዛሬ ኔታንያሁ ይያዙ የሚሉ ጠበቆች የሚጠቅሱት ይህን ውሳኔ ነው። አንዱን አፍርሶ ሌላውን ማቆም አይቻልም፤ የጋዛው ማዘዣ የቆመው የአል-በሺር መዝገብ በጣለው መሠረት ላይ ነው።

አል-በሺር በኤፕሪል 2019 ከሥልጣን ወርደዋል፤ ሄግ ግን አልደረሱም። ከዳርፉር እስካሁን የተፈረደበት አንድ ሰው ነው፤ ዐሊ ኩሸይብ በመባል የሚታወቀው የጃንጃዊድ አዛዥ በኦክቶበር 2025 ጥፋተኛ ተብሏል። በዚያው ወር አል-ፋሺር ከረጅም ከበባ በኋላ የጃንጃዊድ ወራሽ በሆነው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች። የኃይሉ መሪ ሙሐመድ ሐምዳን ደጋሎ (ሔሜቲ) በዲሴምበር 2023 መጨረሻ፣ የጋዛ ማመልከቻ በገባ በስድስተኛው ሳምንት፣ አዲስ አበባ አርፈው ጅቡቲ ገብተዋል፤ በወቅቱ የኢጋድ ሊቀመንበር የነበሩት ፕሬዝዳንት ጌሌም ተቀብለዋቸዋል። ለሽምግልና ነው ተብሏል። ያኔ በስማቸው የወጣ የእስር ማዘዣ አልነበረም። አንድ ቀን ቢወጣና አውሮፕላናቸው ጅቡቲ ቢያርፍ፣ የ2016 ጥያቄ በዚያው አየር ማረፊያ ላይ እንደገና ይነሳል፤ ያኔ መልስ የምትሰጠው ጅቡቲ ግን ስለ ጋዛ የፈረመችዋ ጅቡቲ ትሆናለች።